ለሳይረኑ የተጣሉት ታላቅ ወንድማችን

ልታስተዛዝኑን የመጣችሁ ወገኖቻችን፣ ይህ የታላቅ ወንድማችን ዜና ሕይወት ነው፤ ቀኝ እጄ ስለታሰረ ወረቀቱን የያዘችልኝ ልጃቸው ናት።

ወንድማችን በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የሽመና ክፍል ከሠሩት አባታችንና በፈትል ክፍል ካገለገሉት እናታችን፣ ከድንበሩ አንድ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ በሚገኘው የሠራተኞች ሰፈር ተወለዱ። አባታችን እጃቸው ለዱላ የፈጠነ ስለነበር፣ ወንድማችን ፊደል ሳይቆጥሩ ቀበቶ ቀምሰዋል። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው ያቋረጡትም አእምሮ አንሷቸው ሳይሆን፣ ታናሽ እኅታቸውን በጥፊ በመታ መምህር ላይ ወንበር ሰብረው በመባረራቸው ነው። ያቺ ታናሽ እኅት እኔ ነኝ።

በአሥራ ስምንት ዓመታቸው በዚያው ፋብሪካ በኤሌክትሪክ ሠራተኛነት ተቀጥረው ጣሪያው ላይ የተተከለውን የአደጋ ማስጠንቀቂያ ሳይረን የመጠበቅ ኃላፊነት ስለተሰጣቸው፣ የሰፈሩ ሰው «ጋሼ ሳይረን» የሚል ስም አወጣላቸው። ከፈትል ክፍል ባልደረባቸው ጋር ትዳር መሥርተውም አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ።

ልጅቱ አራት ዓመት እንደሞላት የጥጥ መጋዘኑ በእሳት ተያያዘ። ሥራ አስኪያጁ ለእንግዶች የሚያደርጉት ንግግር እንዳይረበሽባቸው የሳይረኑን መስመር አስቆርጠው ነበርና፣ ማስጠንቀቂያ ሳይሰማ ሰባት ሴቶች ከተቆለፈ በር ኋላ ተቃጠሉ። ወንድማችን በሩን በመጥረቢያ ፈልጠው ሲገቡ የባለቤታቸውን አስከሬን የለዩት በጥርሱ ነበር። በማግሥቱ ቢሮ ድረስ ሄደው የሥራ አስኪያጁን መንጋጋ ሰበሩ፤ ሁለት ዓመትም ታሰሩ። ተጸጽተው አያውቁም፤ እኔም ተጸጸቱ ብያቸው አላውቅም።

ፋብሪካው ተዘግቶ ማሽኖቹ ከተነቀሉ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ አንድ ማኅበር አዳራሾቹን አድሶ ከየአገሩ ለሚመጡ የጥበብ ሰዎች የሦስት ሦስት ወር ማደሪያና መሥሪያ ሲያደርጋቸው፣ ወንድማችን በጥበቃና በመብራት ጥገና ተቀጠሩ። አንዷ ሠዓሊ አፍንጫዬን አገዘፈችብኝ ብለው አንድ ሳምንት ከማኩረፋቸው በቀር፣ እንግዶቹን ከልብ ይወዷቸው ነበር።

ጠቡ የመጣው አንድ ወጣት የድምፅ ባለሙያ የሳይረኑን መስመር አስቀጥሎ፣ «የከተማዋ ትዝታ» የሚል ስም በሰጠው ሥራው በየቀኑ እኩለ ቀን በስድስት ሰዓት ማስጮኽ በጀመረ ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሰው ሁሉ ከየቤቱ ሮጦ ወጣ፤ በሁለተኛው ሳምንት ግን ቀና ብሎ ያየ አልነበረም። ወንድማችን ሳይረን ለሽሽት እንጂ ለትርኢት እንዳልሆነ አስረዱ፤ ለመኑም። ሰሚ ሲያጡ የማስጮኺያ መሣሪያውን በመዶሻ አደቀቁት፤ የወጣቱን አፍንጫም በቡጢ ሰበሩት። እኛ ዘመዶቻቸው ሽምግልና ገብተን ይቅርታ አስጠየቅናቸው፤ ሳይረኑን ዳግመኛ እንዳይነኩም ቃል አስገባናቸው። ከሁሉ አብልጬ የተቆጣኋቸው እኔ ነበርኩ። መሣሪያው በሌላ ተተክቶ ሳይረኑ መጮኹን ቀጠለ።

እዚህ ላይ ስለ ሕመማቸው ማንበብ ነበረብኝ፤ ወንድማችን ግን አልታመሙም።

ባለፈው ማክሰኞ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ጣሪያ ሲጠግኑ፣ ከድንበሩ ማዶ የሰፈረው ጦር መድፉን ወደ እኛ ሲያዞር አዩና ቃላቸውን አፍርሰው ሳይረኑን ለቀቁት። የተነሣ ሰው አልነበረም። እንግዶቹ ሥራቸውን ቀጠሉ፤ አንዱ ጎረቤት «ዛሬ ደግሞ መረቁልን!» ብሎ ሳቀ፤ እኔም ከስፌት መኪናዬ ንቅንቅ አላልኩም። ወንድማችን ይህን ሲያዩ የብረት ዘንግ ይዘው ወረዱ፤ የአዳራሹን መስኮቶች አረገፉ፤ በርግጫና በዱላ ሰዉን ወደ ፋብሪካው ምድር ቤት ነዱት፤ ያንን ወጣት በጸጉሩ ጎትተው አስገቡት። የእኔን በር ገንጥለው ገብተው፣ «ተነሺ፣ አንቺ ደንቆሮ!» እያሉ ሲጎትቱኝ ትከሻዬ ወለቀ። ምድር ቤቱ ውስጥ ወርውረውኝ፣ አልጋ ላይ የዋሉትን ጎረቤታችንን ሊያወጡ ተመለሱ። ያኔ የመጀመሪያው የመድፍ ጥይት ወደቀ፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ተከተሉ። ወንድማችን በተወለዱ በስድሳ አንድ ዓመታቸው፣ ደረታቸው ተሰንጥቆ፣ ጎረቤታችንን እንዳቀፉ ከፍርስራሹ ሥር ተገኙ።

ወንድማችን አንዲት ልጅ፣ አንዲት እኅትና ከምድር ቤቱ በሕይወት የወጡ አርባ ሦስት ሰዎች ትተው ሄደዋል። ወጣቱም ከኋላችሁ ቆሟል። ማኅበሩ ለክብራቸው ዛሬ ሳይረኑ ይጩኽ ብሎ ነበር፤ ልጃቸው ግን ከእንግዲህ ለሽሽት ካልሆነ አይጮኽም ብላ እምቢ አለች። እኔም ባለመነሣቴ ይቅር ይበሉኝ። ፈጣሪ የወንድማችንን ነፍስ ማንም ከማይቀሰቅሳት ቦታ ያሳርፍልን፤ እኛን ግን ሲጠሩን የምንነሣ ያድርገን። አሜን።