የገጽ ሠላሳ አንድ ጉዳይ

በፖሊስ የተመዘገበ የምስክርነት ቃል

ስም፦ ኤርሊንዳ ሱማጋይሳይ
ዕድሜ፦ 54
የጋብቻ ሁኔታ፦ ባሏ የሞተባት
ሥራ፦ የዩኒቨርሲቲ ሥርዓተ ትምህርት ክፍል ጸሐፊ
አድራሻ፦ ፊሊፒንስ፣ ፓናይ ደሴት፣ ሳንታ ፔላጊያ ከተማ፣ የገበያ ጀርባ ሰፈር
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ሰኔ 14 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.፣ ከቀኑ 8፡20
ቃሉን የተቀበለው፦ መርማሪ ሳጅን ዊልፍሬዶ ጋሌኖ

ጠበቃ ማቆም እንደምችል ተነግሮኝ፣ አልፈልግም ብዬ፣ የማውቀውን እንደሚከተለው አስረድቻለሁ።

በዚህ ከተማ በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ የባሕር ትምህርት ኮሌጅ ውስጥ ለ19 ዓመታት በጸሐፊነት ሠርቻለሁ። ከአለቃ እስከ ተማሪ ሁሉም እንደ ታላቅ እህት ማናንግ እያሉ ነው የሚጠሩኝ። ሥራዬ የኮርስ መግለጫዎችን ማዘጋጀት ነው። ተማሪው በአንድ ኮርስ ምን ሠርቶ ማሳየት እንዳለበት፣ ከዚያ በፊት የትኛውን ኮርስ ማለፍ እንደሚገባው እጽፋለሁ። በየአራት ዓመቱ መግለጫዎቹ ሲከለሱም ለሰባቱ የኮሚቴ አባላት አቅርቤ በየገጹ አስፈርማለሁ። ብዙ ሰው የወረቀት ሥራ ነው ብሎ ይንቀዋል። ሰው እንደሚገድል እኔ አውቃለሁ።

በመጋቢት 2015 የኮሌጁ የዋና ገንዳ ተሰንጥቆ ውሃ መያዝ አቆመ። በባሕር ላይ ነፍስ ማትረፍ የሚባለው ኮርስ በወቅቱ ተማሪው ልብሱን እንደለበሰ መቶ ሜትር እንዲዋኝ የሚያዝ ነበር። ይህን ኮርስ ያላለፈ ተማሪ ለልምምድ መርከብ ላይ አይሳፈርም። የኮሌጁ ዲን ካፒቴን ሮጌሊዮ ፓላብሪካ፣ ማለትም አሁን የግል ተበዳይ ነኝ ብሎ ያመለከተው ሰው፣ ገንዳውን ከማሳደስ ይልቅ መግለጫውን እንድከልስ አዘዘኝ። ተማሪው መቶ ሜትር ይዋኛል የሚለው ወጥቶ፣ የዋናን ዘዴ በጽሑፍ ያብራራል የሚል እንዲገባ ነገረኝ። ዋና በጽሑፍ እንዴት ይሆናል ብዬ ጠየቅሁት። እሱም ስቆ፣ "ማናንግ፣ የመርከበኛ ሥራው መርከብ ላይ ነው፤ ባሕር ውስጥ ምን ሊሠራ ይገባል?" አለኝ። ኮሚቴው ለስብሰባው የቀረበውን ፓንሲት የሚባል የፓስታ ምግብ እየበላ ፈረመ። አንዱ ገጽ ላይ ዘይት ጠብ ብሎበት እንደገና አትሜዋለሁ። መግለጫውን የጻፈው የእኔ እጅ መሆኑን አልክድም።

ሮዌና የምትባል አንድ ልጅ ነበረችኝ። እኛ ከሸንኮራ እርሻ የመጣን ሰዎች ስለሆንን ዋና የሚያስተምራት ዘመድ አልነበራትም። በዚያው ኮሌጅ ገብታ የዋናን ዘዴ በጽሑፍ አብራርታ ከመቶ 97 አገኘች። ኅዳር 9 ቀን 2017 ለልምምድ ከተሳፈረችበት የጭነት መርከብ መሰላል ላይ ተንሸራታ ወደቀች። መርከቡ ቆሞ ነበር፣ ማዕበል አልነበረም፣ ከየብስ ያለው ርቀት ሠላሳ ሜትር አይሞላም። በእጇ ውሃውን እየመታች እንደሰመጠች ያዩት መርከበኞች ነግረውኛል። ሃያ ዓመቷ ነበር።

እንደ ልማዳችን አስከሬኗ ገና ሳይቀበር ቤት ውስጥ እያለ በአራተኛው የለቅሶ ቀን ካፒቴኑ መጣ። ብስኩትና ለስላሳ ያቀረብኩለት እኔ ራሴ ነኝ። ወደ ጓዳ ስገባ አጠገቡ ለተቀመጡት ሰዎች፣ "ምን ያደርጋል፣ ልጅቷ የተማረችውን ሥራ ላይ አላዋለችውም" ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። ተመልሼ ብስኩት ጨመርኩለት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቂም እንደያዝኩ፣ ቂሜም አንድ ቀን እንኳ ቀዝቅዞ እንደማያውቅ ለመርማሪው በግልጽ ተናግሬአለሁ። ጎረቤቶቼ ሥራውን ለምን አትለቂም ይሉኝ ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እኔ የክለሳውን ዓመት ነበር የምጠብቀው።

በጥር 2019 የክለሳው ጊዜ ደረሰ። የድሮውን መግለጫ መለስኩት። ገንዳው አሁንም ደረቅ ስለሆነ የዋና ፈተናው በኮሌጁ የጀልባ ማቆሚያ፣ ባሕሩ ላይ እንዲሆን ጻፍኩ። ከሥሩም፣ የኮርሱ መምህርና ኮርሱን የሚያጸድቀው ዲን ከተማሪው የሚጠበቀውን ራሳቸው በገምጋሚዎች ፊት ሠርተው እንዲያሳዩ፣ ያልቻለም ከተማሪዎች ጋር ተመዝግቦ ትምህርቱን ከመጀመሪያው እንዲወስድ የሚል ጨመርኩ። ገጽ 31 ማለት ይህ ነው። ካፒቴኑ ዋና እንደማይችል አውቅ ነበር። በ2011 የኮሌጁ ሠራተኞች ባሕር ዳር ለሽርሽር በሄድን ጊዜ ሚስቱ፣ "ሃያ ሁለት ዓመት ባሕር ላይ ኖሮ ከጉልበቱ በላይ ውሃ ነክቶት አያውቅም" ብላ ስታሾፍበት አጠገቧ ነበርኩ።

ገጹን ደብቄ አላስገባሁም። ፊደሉ ከሌላው አያንስም። በኮሚቴው ስብሰባ ላይ፣ የሒሳብ መምህርቷ ሉስቪሚንዳ ታግሌ እያየች፣ ለብቻው አውጥቼ "ካፒቴን፣ ይቺን እንኳ ያንብቧት" አልኩት። እሱም፣ "አንቺ ካነበብሻት እኔም አነበብኳት ማለት ነው፤ ይልቅ ፓንሲቱ እንዳይቀዘቅዝ" ብሎ ፈረመ። ሌሎቹም ፈረሙ። ወረቀቱ ማኒላ ላለው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ተልኮ ጸድቆ ተመለሰ። ያን ዕለት አንጀቴ መራስ ጀመረ።

ትናንት ሰኔ 13 ቀን ከጠዋቱ 3፡30 ላይ ሦስት ገምጋሚዎች ከማኒላ መጡ። ሥራቸው የተጻፈውና የሚሠራው አንድ መሆኑን ማየት ነው። እያገላበጡ ገጽ 31 ላይ ደረሱ። ካፒቴኑ ገጹን ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበበው ያኔ ነው፤ ፊቱ አመድ ሲመስል አይቻለሁ። በግምት ከጠዋቱ 4፡15 ሲሆን ሁላችንም ወደ ጀልባ ማቆሚያው ወረድን። ነጭ የለበሱ 180 ተማሪዎች ተሰልፈው ነበር። የኮርሱ መምህር መቶ ሜትሩን ዋኝቶ ማዶ የቆመች ጀልባ ላይ ወጣ። ከዚያም የቡድኑ መሪ የሆነችው ሴት ለካፒቴኑ ተራው የእሱ መሆኑን ነገረችው። አልችልም ቢል የሚያስገድደው አልነበረም። ያለበት ነገር ቢኖር እንደማንኛውም ተማሪ ተመዝግቦ መማር ነው። እሱ ግን ተማሪዎቹን አየ፣ ቀጥሎም እኔን አየኝ። ዓይኔን አልሰበርኩለትም። ጫማውን አውልቆ ዘለለ። እኔም ሆንኩ ሌላ ሰው አልገፋነውም።

ወዲያው ሰመጠ። ተመልሶ ብቅ ሲል ውሃውን በእጁ ይመታ ነበር። የኮርሱ መምህር ከማዶ እየዋኘ መምጣት ቢጀምርም ሩቅ ነበር። ካፒቴኑ ከቆምንበት አራት ሜትር ቢርቅ ነው፤ ከ180ው ተማሪ ግን አንድም የዘለለ የለም። ፈሪዎች ሆነው አይደለም። ሁሉም ፈተናውን በጽሑፍ ያለፉ ልጆች ናቸው፣ ዋና ያስተማራቸው ሰው የለም። በቦታው የነበረው አንድ የነፍስ ማዳኛ ጎማ ብቻ ነው። እሱን ከምሰሶው ላይ አውርጄ በእጄ ይዤው ነበር። መወርወር እችል ነበር፣ አልወረወርኩም። መቁጠር ጀመርኩ።

ስንት ድረስ ለመቁጠር እንዳሰብኩ መርማሪው ጠይቆኝ፣ አላውቅም ብያለሁ። ሃያ ስደርስ ካፒቴኑ እንደገና ወጥቶ ስሜን ጠራ። ሠላሳ ላይ ሮዌና ማንን ጠርታ ይሆን ብዬ አሰብኩ። አርባ ላይ ግን ቀብሩ ታየኝ። ቢሞት በባንዲራ ተሸፍኖ፣ ተማሪዎቹ ቆመው ሰላምታ እየሰጡት፣ ጀግና ተብሎ ይቀበራል። ገጽ 31ም ሰው የገደለ ገጽ ተብሎ ይሰረዛል። በሞት እንዲያመልጠኝ አልፈለግሁም። ጎማውን ወረወርኩለት፣ ያዘው፣ ተማሪዎቹ በገመዱ ጎትተው አወጡት። እግሬ ሥር ተንበርክኮ የጨው ውሃ ሲያስመልሰው ቆሜ አይቻለሁ። አላዘንኩለትም። የቡድኑ መሪ መዝገቧ ላይ አላለፈም ብላ ጻፈች።

ዛሬ ከጠዋቱ 1፡00 ላይ የካፒቴኑ ጠበቃ ቤቴ ድረስ መጥቶ ነበር። ገጽ 31ን አጭበርብሬ እንዳስገባሁ ካመንኩ ካፒቴኑ በግድያ ሙከራ ያቀረበብኝን አቤቱታ እንደሚያነሳ፣ ካላመንኩ ግን እስር ቤት እንደማረጅ ነገረኝ። ገጹ ከተሰረዘ የሚመጣውም ተማሪ በወረቀት ዋኝቶ መርከብ ይሳፈራል። ስለዚህ ለጠበቃው፣ "ፊርማው የራሱ ነው። ተታልዬ ነው ካለ፣ ማንበብ አልችልም ብሎ ይማል" ብዬ በሩን ዘጋሁበት።

መርማሪው ሳጅን ጋሌኖም የገዛ እህቱ በዚያው ኮሌጅ ትማራለች። እስክሪብቶውን አስቀምጦ፣ "ማናንግ፣ ደንግጬ እጄ አልታዘዝ አለኝ ብትዪኝ እኮ እንደዚያው እጽፈዋለሁ" ብሎኛል። ይህም እንዲጻፍ ጠይቄ፣ እያመነታ ጽፎታል። አልደነገጥኩም። እጄ ታዞኛል። አርባ እስክቆጥር አውቄ አቆይቼዋለሁ፣ ለዚህም ሕጉ የሚለውን እቀበላለሁ። ካፒቴኑ ዕድል አወጣኝ ብሎ እንዲያምን አልፈቅድለትም። ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ያወጣሁትም እንዲማር ነው።

ኮርሱ የሚጀመረው ሰኞ ሰኔ 17 ቀን ከጠዋቱ 2፡00 ሰዓት ነው። ዛሬ ወደ ጣቢያው ከመምጣቴ በፊት ቢሮ ገብቼ የተመዝጋቢዎቹን ስም ዝርዝር አትሜ በሩ ላይ ለጥፌአለሁ። ፓላብሪካ ሮጌሊዮ በተራ ቁጥር 112 ላይ ይገኛል።

ከላይ የሰፈረው ቃል ተነቦልኝ፣ ያላልኩት እንዳልተጨመረበት፣ ያልኩትም እንዳልተቀነሰበት አረጋግጬ፣ ሐሰት ቢገኝበት በሕግ እንደምጠየቅ አውቄ በፊርማዬ አጽንቻለሁ። ይቅርታ የሚል ቃል የለበትም፤ አልተናገርኩትምና።

የቃል ሰጪ ፊርማ፦ ኤርሊንዳ ሱማጋይሳይ
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ሳጅን ዊልፍሬዶ ጋሌኖ
ቃሉ ሲነበብ የነበረ እማኝ ፊርማ፦ ሉስቪሚንዳ ታግሌ