ስድሳ ሁለተኛው እርማት

ሊፍቱ ከተበላሸ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። ሽማግሌው አራሚ ሁለተኛው ፎቅ ላይ የደረጃውን መደገፊያ ይዘው ትንፋሻቸውን ሲሰበስቡ የእህታቸው ልጅ ከላይ ስትወርድ ተገናኙ። ሕንፃው የምክር ቤት ነው፤ ሁለቱም እዚያው ይሠራሉ፤ ግን ከተያዩ ወር አልፏቸዋል። እሳቸው ሠላሳ አራት ዓመት ቃለ ጉባኤ ሲያርሙ የኖሩ፣ ባልደረቦቻቸው “ቀይ እስክሪብቶ” የሚሏቸው ሰው ናቸው። እሷ የኮምፒውተር ክፍል ባለሙያ ናት። ፊቷ መገርጣቱን አይተዋል፤ ነገር ግን የደከመው ሰው የሌላውን ድካም መጠየቅም ይደክመዋልና ሰላምታውን አሳጠሩት።

“የጻፍሽውን መመሪያ አይቼልሻለሁ” አሉ፣ ከብብታቸው ሥር አውጥተው እየሰጧት።

መመሪያው የአንድ አዲስ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ ነው። ኮሚቴዎች ከመወሰናቸው በፊት ሰዎችን ጠርተው የሚሰሙባቸውን መድረኮች መዝገብ መሣሪያው ፈልጎ ያወጣል፤ ለተጠየቀውም አጭር መልስ ይሰጣል። ከሰኞ ጀምሮ ለባለጉዳይ ሁሉ ክፍት ይሆናል። ከዚያ በፊት መመሪያውን አንድ ሰው ገምግሞ መፈረም አለበት፤ ዕጣው የወደቀው እሳቸው ላይ ነበር። ልጅቷ ገጾቹን ገለበጠች። ስድሳ አንድ ቦታ ቀልቷል፤ መጨረሻው ላይ ፊርማቸው ተንጋሎ ተቀምጧል።

“አጎቴ፣ መሣሪያው ፊት ተቀምጠው ሞክረውታል?”

ደማቸው ፈላ። “ጽሑፍ የሚመረመረው በዓይን ነው፣ ልጄ። እኔ የስንቱን ሚኒስትር ንግግር አቃንቻለሁ፤ አንድም ቀን ግን ሚኒስትር ሆኜ ልሞክረው አላልኩም።”

ልጅቷ ሳትወድ ሳቀች። “እርስዎ ያዩልኝ አጻጻፉን ነው። እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው፤ አንድ ሰው ይህን ይዞ ቢቀመጥ የፈለገውን ያገኛል ወይ?”

“ያልገባው ይጠይቀኛላ። ስጠየቅ ነው የኖርኩት።”

“በሚቀጥለው ወር ጡረታ ሲወጡስ ማንን ይጠይቅ?”

እውነቱን ለመናገር ግማሹ ቁጣቸው የጉልበታቸው ሕመም ነው፤ ሌላው ግማሽ ደግሞ ያለ እሳቸው ይህ ቤት አይቆምም የሚል የቆየ ኩራት ነው። ብዙ ደህና ሠራተኛ እንዲህ ያለ ኩራት ያሳስተዋል።

መሣሪያው የተተከለበት ንባብ ክፍል እዚያው ፎቅ ላይ ነው፤ ልጅቷ አጎቷን ይዛ ወደዚያ ሄደች። በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ አንዲት አዋላጅ ከተቀመጠች ሦስተኛ ቀኗ ነው። አምና በመድረኩ ተጠርታ ስለ ሰፈሯ ጤና ጣቢያ የማዋለጃ ክፍል ተናግራ ነበር። ነገ ጠዋት ኮሚቴው ክፍሉን ለመዝጋት ይወስናል፤ የቀረበለት ሪፖርት ደግሞ ባለሙያዎቹ እንደተስማሙ ይናገራል። የራሷን ቃል ቅጂ ብትጠይቅ መዝገብ ቤቱ “መሣሪያው ሰኞ ይጀምራል፣ ጠብቂ” አላት። ሰኞ ለእሷ ምን ያደርግላታል?

ልጅቷ አዋላጇን መሣሪያው ፊት አስቀመጠቻትና የታረመውን መመሪያ ሰጠቻት። አጎቷን ደግሞ አንድ ቃል እንዳይተነፍሱ ለመነቻቸው። አዋላጇ በጣቷ እየተከተለች፣ ሳትቸኩል፣ እስከ አራተኛው ተራ ደረሰች። መልሱ ወዲያው ወጣ፤ አዋላጇ ክፍሉ ቢዘጋ ተቃውሞ እንደሌላቸው ገልጸዋል ይላል። ጣቷ ወደ አምስተኛው ተራ ወረደ። “ያገኙትን መልስ አትመው ይውሰዱ” ይላል።

“እኔ እንዲህ አላልኩም” አለች። ድምፅዋን አላነሳችም። “እኔ የተናገርኩት መንገድ ላይ ስለወለደችው እናት ነው። እንዲህማ አልልም።”

አራሚው አምስተኛውን ተራ አወቁት። አንድ ነጠላ ሰረዝ የሰረዙት ከዚያ ላይ ነበር። ዓረፍተ ነገሩን ሁለት ጊዜ አንብበው አሁን አማረ ብለው ነበር ያለፉት።

ልጅቷ ከመልሱ ግርጌ ያለውን ደቃቅ ቁጥር ነካችው፤ የዋናው ቃለ ጉባኤ ገጽ ተከፈተ። ተቃውሞ የለኝም ያለው ከአዋላጇ ቀድሞ የተናገረው የጤና ቢሮ ኃላፊ ነበር፤ መሣሪያው የእሱን ቃል ለእሷ ሰጥቷታል። የእሷ ቃል ቀጥሎ ባለው ገጽ ላይ አንድም ሳይጎድል ሰፍሯል። ከገጹ ሥር የአራሚው የስም ምልክት አለበት፤ ያን ገጽ ያረሙት እሳቸው ናቸው። ያቺን ደቃቅ ቁጥር ስለመንካት ግን መመሪያው አንዲት ቃል አይልም።

“ሌላ ሰው ቢሆን አትሞ ይሄድ ነበር” አሉ ሽማግሌው።

“ይሄድ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እኔ እጄ ስለለመደው አላየሁትም። ለዚህ ነው የማያውቅ ሰው እጅ የሚያስፈልገን፣ አጎቴ።”

አዋላጇ የራሷን ቃል ገጽ አትማ፣ በሁለት እጇ እንደያዘችው ደረጃውን ወረደች። ሽማግሌው ቀዩን እስክሪብቶ አወጡና በገዛ ፊርማቸው ላይ መስመር አሰመሩ።

“ስድሳ ሁለት” አሉ።

ከዚያ በኋላ የሥራ ሰዓት እስኪያልቅ አብረው ተቀመጡ። የየትኞቹ ዓመታት መዝገብ መሣሪያው ውስጥ እንዳለ፣ የየትኞቹም ገና እንዳልገባ መመሪያው ላይ ጻፉ። መሣሪያው አላገኘሁም ሲል መዝገቡ የለም ማለት እንዳልሆነ፣ መልሱም ገጹን መጠቆሚያ ብቻ እንደሆነና ደቃቁ ቁጥር ተነክቶ ዋናው ገጽ ሳይከፈት ምንም እንዳይታተም ጨመሩ። በማግሥቱ የበሩን ጥበቃ አስቀምጠው አስሞከሩት፤ ሁለት ቦታ ተደናቀፈ፤ ሁለቱንም አስተካከሉ። ሽማግሌው በሙሉ ጊዜው አፋቸውን ይዘው ተቀመጡ፤ በሠላሳ አራት ዓመት እንደዚያ የከበዳቸው ሥራ አልነበረም።

ኮሚቴውም አዋላጇ ያቀረበችለትን ገጽ አንብቦ ውሳኔውን አቆየ፤ አዋላጇንም ዳግመኛ ጠርቶ ሰማት። የማዋለጃ ክፍሉ እስከ ዛሬ ክፍት ነው። በንባብ ክፍሉ ሦስት ቀን አግዳሚ ላይ መጠበቅ ቀረ፤ የሩቅ ሰውም የተናገረውን በራሱ ዓይን አይቶ ይመለሳል። መሣሪያው አሁንም አልፎ አልፎ ይሳሳታል፤ ሰው ግን የት ሊሳሳት እንደሚችልና እንዴት እንደሚያጣራው ተነግሮታል።

አራሚው ጡረታ በሚወጡበት ሳምንት አዋላጇ ለምስጋና ብትመጣ አዲሱን መመሪያ ሰጥተው አስቀመጧት። ማንንም ሳትጠይቅ ጨረሰች። በመጨረሻው ገጽ ላይ “ይዞት የሠራበት ሰው” የሚል አዲስ መስመር ነበር። እዚያ ላይ እሷ ፈረመች፤ እሳቸው ከፊርማዋ ሥር ፈረሙ።