ጩቤው እስኪደርስ

(በማረሚያ ቤት ግቢ፣ በግንቡ ጥላ ሥር፤ ሰው ገድሎ የታሰረው አዝመራው ዓይናቸው ለደከመው እስረኛ ለጋሽ ይመኑ ወፍራም ልቦለድ እያነበበላቸው ነው።)

ጋሽ ይመኑ፦ ዘለልክ።

አዝመራው፦ ምኑን?

ጋሽ ይመኑ፦ ሁለት ገጽ። የደከመው ዓይኔ ነው፣ ጆሮዬ አይደለም።

አዝመራው፦ ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ ጩቤ ከመዘዘ ዐሥራ አንድ ገጽ ሆነው። ደራሲው ስለ ሟቹ ቁልፍ ያወራል፣ ስለ ጎረቤቱ ሳል ያወራል። እኔ ብሆን ይሄኔ በሬ አርጄ፣ ገፍፌ፣ ቅርጫውን አከፋፍዬ ነበር። ሰው እንዲህ አይገደልም።

ጋሽ ይመኑ፦ እሱን አንተ ታውቃለህ።

አዝመራው፦ አውቃለሁ። ዓይን ሳይርገበገብ ያልቃል።

ጋሽ ይመኑ፦ እኔም መጀመሪያ መጽሐፉን ግድግዳ ላይ ወርውሬዋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት እዚሁ ነው፤ የአንዱ ዐረፍተ ነገር ጫፍ ላይ ስደርስ መነሻው ይጠፋብኝ ነበር። በሦስተኛው ዓመት፣ ሑዳዴ ላይ ነው የገባኝ። ደራሲው የሚሞተውን ሰው በደንብ ሳያሳየን አይገድለውም።

አዝመራው፦ ታዲያ ምን ይጠቅማል? መሞቱ አይቀር።

ጋሽ ይመኑ፦ የገደልከው የታፈረ እናት ነገ ለዕርቅ ሲመጡ ምን ልትላቸው ነው?

አዝመራው፦ ካሳ አልፈልግም፣ ልጄ እንዴት እንደሞተ ከገዳዩ አፍ ልስማ ብለዋል አሉ። ለዳኛው ያልኩትን እላቸዋለሁ። በእርሻ ድንበር ተጣላን፣ ዱላ አነሳብኝ፣ ወጋሁት።

ጋሽ ይመኑ፦ ሃያ ሦስት ዓመት ያሳደጉትን ልጅ በዚችው ልትጨርሰው? በል እንደዚህ ደራሲ ንገረኝ። ጩቤው ከወገብህ ወጣ። ከዚያስ?

አዝመራው፦ ሰካሁበት።

ጋሽ ይመኑ፦ ቀስ በል።

አዝመራው፦ ከጎድኑ በታች ነው። መጀመሪያ ጋቢው ያዘብኝ፤ ስገፋው ተቀደደ። ደሙ እስከ ክንዴ ወረደ፣ ትኩስ ነው። ስነቅለው እንደ ሳል ያለ ድምፅ ከሆዱ ወጣ። ደግሜ ወጋሁት። ተንበረከከና ሁለት እጁን እግሬ ላይ ጠመጠመ። ጥፍሩ ባቴን ቦጭቆታል፤ ጠባሳው ይኸው።

ጋሽ ይመኑ፦ እግዚኦ።

አዝመራው፦ በቃ፣ ነገርኩዎት።

ጋሽ ይመኑ፦ ሁለት እጁን ነው ያልከኝ?

አዝመራው፦ አዎ።

ጋሽ ይመኑ፦ ዱላውስ?

አዝመራው፦ የቱ ዱላ?

ጋሽ ይመኑ፦ ያነሳብህ።

አዝመራው፦ ይተዉኝ ጋሼ።

ጋሽ ይመኑ፦ እኔ አልቸኩልም። እስከ እስረኛ ቆጠራ ብዙ ሰዓት አለ።

አዝመራው፦ ከእርሻው ቦይ ዳር ጥሎት ነበር። «ይብቃን አዝሜ» ብሎ ነው የመጣው። ባዶ እጁን።

ጋሽ ይመኑ፦ እናቱ ይህን ከሰሙ ላይታረቁህ ይችላሉ።

አዝመራው፦ ባይታረቁኝም ይስሙት። ልጃቸው በእኔ ቃል ጠብ ጫሪ ሆኖ ነው የቀረው።