በየቀኑ የከፈትኩት ቁስል

ክቡራትና ክቡራን፣ ሥራችሁን ጥላችሁ ለጡረታ መሸኛዬ ይህን አዳራሽ ስለሞላችሁልኝ አመሰግናለሁ። ኬኩን የገዛችሁ፣ ወንበሩን የደረደራችሁ፣ ከማይኩ ጋር ስትታገል የረፈደብህ የኤሌክትሪክ ባለሙያችንም፣ ብድራችሁን ይክፈላችሁ።

የነርሶች ኃላፊዋ ሜትሮናችን ቅድም ስታሞግሰኝ፣ «በእሷ ክፍል ቁስል ሳይታጠብ የዋለበት ቀን የለም» አለች። እናንተም አጨበጨባችሁ። እውነቷን ነው፣ አልነበረም። የዛሬው ወሬዬም ስለዚሁ ነው፤ ጭብጨባው አይገባኝማ።

ለአዲሶቹ ልንገራችሁ፤ ሃያ ስምንት ዓመት ከካርድ ክፍሉ ቀጥሎ ባለችው ጠባብ ክፍል ቁስል ሳጥብና ሳሽግ የኖርኩ ነርስ ነኝ። ትልልቁ ቁስል ወደ ቀዶ ሕክምና ይሄዳል። ለእኔ የሚደርሰኝ ትንንሹ ነው፦ ጫማ የላጠው ተረከዝ፣ ብረት የቧጨረው ቅልጥም፣ በሳምንት ይድናል ተብሎ ሦስት ወር የሚከርመው ሁሉ። እንዲህ ያለው ቁስል ሰውን አያስለቅስም፣ ያሰለቻል እንጂ።

በሩን የሚጠብቀው ወንድማችን እዚያ ጥግ ቆሟል። እባክህ ተቀመጥ፤ ዛሬ ለቆ የሚወጣው ሰው እኔ ብቻ ነኝ፣ በኋላ ትፈትሸኛለህ።

ከአሥር ዓመት በፊት የግቢው በር ይህን ሰው ቅልጥሙ ላይ ጫረው። ሳንቲም የምታህል ቁስል ነበረች። ስኳሩን አስመረመርኩ፣ ደህና ነው። የደም ዝውውሩንም ሐኪም አየው፣ ደህና ነው። ታዲያ ምን ሆና ነው አልድን ያለችው? አራት ወር ሙሉ በየጠዋቱ እየመጣ እግሩን በርጩማዋ ላይ ይሰቅልልኛል። ቁስሏ ላይ የደረቀውን ጎዝ፣ መሸፈኛ ጨርቁን፣ እልጣለሁ፣ ትንሽ ትደማለች፣ አረፋ በሚያወጣው መድኃኒት አጥባታለሁ፣ በአዲስ ጎዝ እሸፍናታለሁ። በንጽሕናዬ እኮራ ነበር።

አንድ ጠዋት፣ «ሲስተርዬ፣ እናቴ ታማለች። ሄጄ ልያት?» አለኝ።

«ስንት ቀን ትቆያለህ?»

«መንገዱ ብቻ ሁለት ቀን ነው። ቢበዛ አሥር ቀን።»

«አሥር ቀን ሳይታጠብ? ለመሆኑ እግርህን ትፈልገዋለህ? ይቺ ትዳንና ትሄዳለህ» አልኩት።

እሺ አለኝ። ሰው ነጭ ጋዋን ሲያይ እሺ ይላል።

በሁለተኛው ሳምንት መርዶ መጣ። ያኔማ ማን ይከልክለው? ቅባት የነካው ጎዝ አድርጌ አሸግኩለትና «እንዳትነካው» ብዬ ሸኘሁት። በአሥራ አንደኛው ቀን ተመለሰ። ጎዙን ሳነሣው ምንም ሳይጎትት ተነሣ። ከሥሩ ሮዝ ቆዳ ነበር። ድኗል።

ነገሩ ገባችሁ? ሰውነቱ በአንድ ቀን የሠራውን አዲስ ቆዳ፣ እኔ በማግሥቱ ከጎዙ ጋር ልጬ እጥለው ነበር። ቁስሏን ያከረምኳት እኔ ነኝ። እሱ ግን ጥቁር እንደለበሰ፣ «እጅሽ ይባረክ ሲስተር፣ ይኸው ዳነልኝ» አለኝ። እኔም «አሜን» አልኩ። አፍሬያለሁ፣ ግን አሜን አልኩ።

ከዚያ ወዲህ አሠራሬን ቀየርኩ። በየቀኑ ይመጣ የነበረውን በሦስት ቀን፣ በአምስት ቀን አደረግኩት። አረፋውን መድኃኒት ተውኩት፤ በጨው ውኃ አለቅልቄ፣ ቁስሉ እንዳይደርቅ አሽጌ እለቃለሁ። ወረፋዬ አጠረ። የካርድ ክፍሏ እህቴ «ምነው ሲስተር፣ ሰነፍሽ እንዴ?» አለችኝ። ሳቅሁ። ምክንያቱን ግን ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት። በዚህ ሰው ፊት በቀን ሁለቴ አልፋለሁ፤ አሥር ዓመት «ደህና አደርሽ» ይለኛል።

ክፍሉን የምትረከቢኝ እህቴ፣ ስትሠሪ እንድትታዪ ብለሽ ቁስል አትክፈቺ። ካልቀላ፣ ካልሸተተ፣ ካልጠዘጠዘው ተይው። ሳምንታት አልፈው ለውጥ ካላየሽ ለሐኪም አሳዪ፤ የገዛ እጅሽንም ጠርጥሪ።

አንተ ደግሞ ወንድሜ፣ ያኔ መሄድ ትችል ነበር። ያስቀረህ ቁስልህ አይደለም፣ እኔ ነኝ። እናትህን ሳታያት የቀረኸው በእኔ ምክንያት ነው፤ በጣም አዝናለሁ። ይቅር በለኝ ለማለት ዛሬን የመረጥኩት ነገ ስለማታገኘኝ ነው፤ ይህ ድፍረት እንዳልሆነ አውቃለሁ። መልሱን አሁን አትስጠኝ። ሰው ፊት የተጠየቀ ይቅርታ ግድ እሺ ያሰኛል፤ አንድ ጊዜ በጋዋኔ እሺ አሰኝቼሃለሁ፣ ይበቃል።

ለሁላችሁም ጤናውን ይስጣችሁ። እጃችሁ ለሰው መድኃኒት ይሁን፤ ስትሳሳቱም ሳትከርሙ የምትናገሩበት አንደበት አይንሣችሁ። እናት ያላችሁ፣ በሕይወት ሳለች ደርሳችሁ ለማየት ያብቃችሁ። «ታማብኛለች፣ ልሂድ» ብሎ የሚመጣባችሁ ሰው ካለም፣ ልቀቁት።