ከዓይን የተደበቀው ብስክሌት

ዘሊካን ያገኘኋት ከሶባ ወደ ጀሪፍ በሚመለስ ሓፍላ፣ በሱዳን የከተማ አውቶቡስ፣ ውስጥ ነው። እኔ ታማሚ ጠይቄ እየተመለስኩ ነበር። ዘሊካ ከወሎ መጥታ በሰው ቤት እየሠራች አንድ ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ ጎረቤቴ ናት። ከቶቧ፣ ከተከናነበችው ሰፊ ልብስ፣ ሥር ክብና ሰፊ ነገር አቅፋ አጠገቤ ተቀመጠች። ኩምሳሪው፣ የአውቶቡሱ ረዳት፣ ሒሳብ ሊቀበል ሲመጣ በጥርጣሬ አይቶ ምን እንደያዘች ጠየቃት።

«ሲኒያ ነው፤ ትሪ። ሠርግ አለብን» አለችው።

እሱ እንዳለፈ ሓፍላው ጉድጓድ ላይ ዘለለና ቶቧ ገለጥ አለ። የብስክሌት ጎማ ነበር።

«ትሪሽ ሽቦ አለው» አልኳት።

«ዝም በይ እትዬ እጅጋየሁ። ሶባ ካሉት ሼኽ ዘንድ ወስጄው ነው፤ ቁርኣን እንዲቀሩበት። ብስክሌቱን በሓፍላ ማን ይጭንልኛል? ጎማውን ብቻ ይዤላቸው ሄድኩ።»

«ምን አሉሽ?»

«ሰው አምጪ እንጂ ጎማ አታምጪ አሉኝ» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ጀሪፍ እስክንደርስ ነገሩን ሁሉ ነገረችኝ። ልጇ አብራር ዐሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። የምትሠራበት ቤት ልጅ ለትምህርት ውጭ አገር ሲሄድ የውድድር ብስክሌቱን ለእሱ ሰጡት። ዓርብ ዓርብ ጠዋት ከታዳጊዎች ቡድን ጋር መንዳት ጀመረና ብዙም ሳይቆይ የሚበልጡትን ልጆች ይቀድም ጀመር። ወዲያው ደግሞ ጉልበቱን አመመው። ዘሊካ ለሕመሙ ያገኘችለት ምክንያት አንድ ብቻ ነው፤ ዓይን። ስለዚህ የብስክሌቱን ቀይ ቀለም በጥቁር ፕላስተር ጠቀለለችው። ልጁ ከፍ ብሎ እንዳይታይ ኮርቻውን እስከ መጨረሻው ዝቅ አደረገችው። ሲጨርስ ከማንም ጋር ሳይቆም ወደ ቤት እንዲመጣ አዘዘችው። ሕመሙ ግን ባሰበት።

«የሚመጣው ዓርብ ለትልቁ ውድድር ልጆች ይመርጣሉ» አለችኝ። «እስከዚያ ካልተሻለው ባሕሪ ሠፈር ያለ ሰው ብስክሌቱን ሊገዛኝ ነው። ልጄ ከሚሰናከልብኝ ብስክሌቱ ይቅር።»

«የአቶ ሰይፈሚካኤል ልጅ ቢያየውስ?» አልኳት። ኤልያብ የጉልበትና የወገብ ሕክምና የተማረ፣ እነዚያኑ ታዳጊዎች የሚያሠለጥን የሠፈራችን ወጣት ነው።

«እሱ? አላህ ይጠብቀኝ። ራሱ ብስክሌት ነጂ የነበረ፣ አሁን ቆሞ የሚያይ ሰው ነው። ልጄ ሲያልፍ ዓይኑ ከእግሩ አይነቀልም። ያሳመመው ማን ሆነና?»

ተምረናል የምንል ሰዎች በእንዲህ ያለ ነገር መሳቅ ይቀናናል። እኔ አልሳቅኩም። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ከዓይን የሚደበቅ ነገር በቤቴ የለም፤ ያን ጎማ እንደ ሕፃን አቅፋ ስትወርድ ቀናሁባት። ይህን ግን አልነገርኳትም። «ነገ ልጁንም ብስክሌቱንም ይዘሽ ነይ፤ የኔ ግቢ ግንቡ ረጅም ነው፤ ማንም አያይም» ብዬ ተለየኋት።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መጣች። ኤልያብን ግቢው ውስጥ ተቀምጦ ስታየው ግን ደጃፉ ላይ ቆመች።

«እትዬ፣ ግንቡ ረጅም ነው ያልሽኝ ጅቡን ከውስጥ አስቀምጠሽ ነው?»

ኤልያብ ተነሥቶ እጅ ነሣ። «እንደምን ዋሉ፣ እትዬ ዘሊካ? ጅቡ ምሳውን በልቷል፤ ይግቡ።»

አብራር ሊስቅ ሲል እናቱ ገላመጠችው። ቢሆንም ገባች፤ ለእኔ ብላ እንጂ ለእሱ አልነበረም።

«የት ጋ ነው የሚያምህ?» አለው ኤልያብ።

«እዚህ፣ ከጉልበቴ ሎሚ ሥር። ወላሂ ሜዳ ላይ ደህና ነኝ። ኩብሪው፣ ድልድዩ ላይ ስወጣ ነው» አለ ልጁ።

«ምክንያቱ ኮርቻው ነው፣ እትዬ ዘሊካ። በጣም ዝቅ ብሏል። እግሩ ሳይዘረጋ እንደታጠፈ ይገፋል፤ ጭነቱ ሁሉ ጉልበቱ ላይ ያርፋል። መሪው ደግሞ ራቀው፤ ተንጠራርቶ ነው የሚይዘው።»

«ብስክሌቱ ትልቅ ስለሆነ ነው። ያድግበታል። ልብስም ስገዛለት ሰፋ አድርጌ ነው።»

«ሰፊ ጀለቢያ የለበሰ ልጅ ጉልበቱን አያመውም። ይሄ ብስክሌት ግን እስኪያድግ አይጠብቀውም። ፔዳሉን ስንት ሺሕ ጊዜ እንደሚረግጥ ያስቡት። አጥንቱ ገና እያደገ ነው፤ እሱ ባደገ ቁጥር እኛም ብስክሌቱን እንደገና እንለካለታለን።»

«እሺ፣ ልኩን ንገረኝ። ቤቴ በር ዘግቼ እኔው አስተካክለዋለሁ።»

«በመንገር አይሆንም። ተቀምጦ ሲረግጥ ከጎኑም ከኋላውም ቆሜ ማየት አለብኝ። ሰው ራሱን ከጎን ማየት አይችልም።»

ዘሊካ በልጇና በእሱ መካከል ቆመች። «እንግዲያው እግሩን ብቻ እይ።»

«ወገቡንም ማየት አለብኝ። ኮርቻው ከልክ በላይ ከፍ ካለ ወገቡ ይወዛወዛል።»

«ወገቡንም እይ። ፊቱን ግን አታይም።»

«ማመሙ የሚታወቀው በፊቱ ነው እኮ» አለና ትዕግሥቱ አለቀ። «እትዬ፣ ዓይን የሚባል ነገር የለም። እንዲህ ያለውን ነገር ሳይንስ…»

ዘሊካ መሪውን ያዘች። «ዓይን ሐቅ መሆኑን ነቢዩ ተናግረዋል። አንተ ከእሳቸው በላይ ልታውቅ ነው? ያላ አብራር።»

ወጣቱ እዚህ ላይ ተሳሳተ። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እንዲህ ነው። ሰው አጥብቆ የያዘውን ነገር፣ ሌላ የሚይዘው ሳንሰጠው ከእጁ ልንነጥቅ እንቸኩላለን። ጣልቃ ገባሁ።

«ዘሊካ፣ ሼኹ ሰው አምጪ ያሉሽ ልጁን ሳላይ ቁርኣን አልቀራለትም ማለታቸው አይደለም? እሳቸው ማየት ካስፈለጋቸው፣ ጉልበት የሚያክም ሰው ሳያይ እንዴት ያክም?»

«ሼኹ አይቀኑም። እሱ ግን ይቀናል።» ድምፅዋ ከረረ። «አንቺ ይሄ አይገባሽም፣ እትዬ። ከዓይን የምትጠብቂው የለሽም።»

አብራር ወደ መሬት አየ። እሷም ቃሉ ካፏ ከወጣ በኋላ ደነገጠች። እኔ ከዚሩ፣ ከውሃ ማሰሮው፣ ውሃ ቀድቼ ሰጠኋትና ወደ ኤልያብ ዞርኩ።

«እውነቷን ነው? ትቀናበታለህ?»

እጁን ወደ ገዛ ጉልበቱ ሰደደ።

«እቀናለሁ» አለ። «በእሱ ዕድሜ እኔም እንደሱ ነበርኩ። አባቴን ታውቁታላችሁ፤ በፖለቲካ የተሰደደ ሰው ነው፤ ሰላይ ይፈራ ነበር። ክለብ አትግባ፣ ስምህን ለማንም አትስጥ፣ ብቻህን ንዳ አለኝ። ከጀሪፍ ወዲያ በባዶው መንገድ ብቻዬን ነዳሁ። እኔም ኮርቻዬ ዝቅ ያለ ነበር። ትልቁን ማርሽ መግፋት ጉብዝና መስሎኝ ሁልጊዜ እሱን ገፋሁ። ልክ አይደለህም የሚለኝ ሰው አልነበረም፤ ያየኝ የለማ። ማንም ሳያየኝ ጉልበቴ አለቀ።»

ዘሊካ መሪውን አልለቀቀችም፤ ነገር ግን አልተንቀሳቀሰችም።

«እየቀናህ ልጄን ላሳይህ?»

«ሌላው ሰው አይቶት ያልፋል፣ እትዬ። እኔ ማለፍ አልችልም። የትኛው እግሩ እንደሚደክም፣ መቼ ትከሻውን እንደሚያነሣ አውቃለሁ። ስንት ዓርብ ልነግረው ስጠጋ ሸሸኝ።»

«እማ፣ ይየኝ» አለ አብራር። «ዓጀላዬ፣ ብስክሌቴ፣ ከተሸጠች እኔ…»

እናቱ መሪውን ለቀቀች።

«ማሻአላህ በል» አለችው ኤልያብን።

«ማሻአላህ።»

«ከልብህ።»

«ከልቤ ነው፣ እትዬ። ማሻአላህ።»

ልጁ በአንድ እጁ ግንቡን ተደግፎ ተቀመጠ። ኤልያብ ኮርቻውን ከፍ አድርጎ ፔዳሉን በተረከዙ እንዲረግጥ አዘዘው። ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግሩ ቀጥ ማለት ነበረበት፤ ቀጥም አለ። በእግሩ የፊተኛው ክፍል ሲረግጥ ደግሞ ጉልበቱ በጥቂቱ ታጠፈ። ወደ መሪው ዞሮ፣ መሪውን የሚይዘውን አንገት ከራሱ አሮጌ ብስክሌት በፈታው አጠር ያለ አንገት ቀየረው። ክርኑ ለስለስ ብሎ መታጠፍ ቻለ። ትንንሽ ጣቶቹ ሳይንጠራሩ እንዲደርሱበት ፍሬኑን አቀረበለት።

ዘሊካ ከኤልያብ ጀርባ ቆማ ቁርኣን በለሆሳስ እየቀራች ነበር። ጥቂት ቆይታ መቅራቱን ተወችና ጎንበስ አለች።

«ቆይ» አለች። «አሁን ወገቡ ተወዛወዘ።»

ኤልያብ ደግሞ አየና ሳቀ። «እውነት ነው፤ ከፍ አብዝቻለሁ።» ኮርቻውን በጣት ውፍረት ያህል አወረደው። ወገቡ ረጋ።

«ይሄ ሁሉ በማየት ነው የሚታወቀው?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«በማየት ነው» አልኳት።

ልጁ ቀላሉን ማርሽ በፍጥነት እንዲያሽከረክር፣ ትልቁን እስኪነገረው እንዳይነካ፣ ለጥቂት ቀናትም ኩብሪውን እንዲተው ኤልያብ አስጠነቀቀው። ዘሊካ እያንዳንዱን ትእዛዝ ደግማ ለልጇ ነገረችው፤ ከእሷ የመጣ አስመስላ።

ዓርብ ጠዋት አብራር አራተኛ ሆኖ ገባና ተመረጠ። ጉልበቱ ጨርሶ አልተወውም፤ ግን ኩብሪውን ሳይቆም ወጣ። የባሕሪው ገዢ ሲደውልላት «ኻላስ፣ የሚሸጥ የለኝም» አለችው።

አንባቢ ሆይ፣ ዘሊካ ስለ ዓይን የምታምነውን አልተወችም፤ እንድትተወውም የጠየቅናት አይመስለኝም። የተወችው መደበቅን ነው። የተደበቀ ልጅ ስሕተቱም አብሮት ተደብቆ ያድጋል። ፊት ለፊት የሚታይ ልጅ ግን ሕመሙ ሳይከርም ይታወቅለታል፤ የሚያርመው ሰው ያገኛል፤ ከሌሎች ጋር መሆንን ይማራል። ወላጅም ፍርሃቱን ብቻውን አይሸከምም። ይህ ለብስክሌት ብቻ የተነገረ አይደለም። በትምህርቱ የደከመውንም፣ በሽታውን የሚደብቀውንም ልጅ በየቤታችን ከሰው ዓይን አርቀን እናስቀምጣለንና።

በዚያው ዓርብ ጠዋት ውድድሩ እንዳለቀ ዘሊካ ከአጠገቤ ተነሥታ ረሺዳ ወደምትባል ሱዳናዊት ሄደች። የረሺዳ ልጅ ከአብራር ቀጥሎ አምስተኛ የገባው ነው። ቆማ አወራቻትና ተመለሰች።

«ምን አልሻት?»

«የልጅሽ ኮርቻ ዝቅ ብሏል፤ ለኤልያብ አሳዪው አልኳት።»

«ከተስተካከለለት አብራርን ይቀድመው ይሆናል።»

«አውቃለሁ። ግን እያነከሰ የሚነዳውን ልጅ ቀደመ ተብሎ ምን ብዬ እኮራለሁ?» አለችና ልጆቹን ስታይ ቆየች። «ከቀደመው ግን ያን ቀን ቤትሽ አልመጣም፣ እትዬ። ቤቴ ቁጭ ብዬ ብቻዬን እቀናለሁ።»

«ነይ» አልኳት። «አብረን እንቀናለን።»