ቡቃያውን የሚያሳይ መጽሐፍ

ማክሰኞ ሐምሌ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። መምህርት ዓለምፀሐይ በሸሕዲ መናኸሪያ ስታልፍ የምታስተምርበትን የግብርና ኮሌጅ የትምህርት ክፍል ኃላፊ፣ ጋሽ ስንሻውን፣ የጎንደር ሚኒባስ ሲጠብቁ አገኘቻቸው። ማሽላንና አረሙን ጨምሮ ስለ ሣር ወገን ለሚሰጠው ትምህርት የሚሆነውን መጽሐፍ ሊያዝዙ መሄዳቸው ነው። በብብታቸው የያዙት ግን እሷ የመረጠችውን ሳይሆን ዘመናቸውን ሙሉ ያስተማሩበትን፣ ከባሕር ማዶ የመጣውን ወፍራም መጽሐፍ ነው።

«ጋሼ፣ ውሳኔዎ ጸና ማለት ነው?»

«ያንቺው እኮ ከጋዜጣ የሳሳ ነው፣ ልጄ!» አሉ እየሳቁ። «የኮሌጅ ተማሪ እሱን ይዞ ቢታይ ሰው ምን ይለናል?»

«አምና ያሉንን ሰምተዋል። ተማሪዎቻችን የወይዘሮ ሙባረካን ማሽላ ነቅለው አረሙን ኮትኩተውላቸው መጡ! ዘንድሮ ‹ተማሪ ማሳዬን እንዳይረግጥ› ብለዋል። ሌላውም ገበሬ እንደሳቸው ከከለከለን ልጆቹ የት ይለማመዳሉ?»

«ስንፍና ነው! መጽሐፉን አላነበቡትም።»

«አንብበውታል፤ የፈተንኳቸው እኔ ነኝ።»

ዓለምፀሐይ ጎንበስ አለች። በመናኸሪያው ዳር ከጭነት መኪና የፈሰሰ ማሽላ በዝናቡ በቅሎ ከአረም ጋር ተደባልቋል። ከሁለቱም አንድ አንድ ቡቃያ ነቅላ ዘረጋችላቸው።

«ማሽላው ይሄ ነዋ!» አሉ ወዲያው።

«እርስዎ ዓይንዎ ለምዷል። ተማሪው ከየትኛው ገጽ ይማረው?»

ጋሽ ስንሻው መነጽራቸውን አድርገው መጽሐፋቸውን ገለጡ፤ ደግመው ገለጡ። ሥዕሉ ሁሉ ያበበ ሣር ነው። አረሙ እስኪያብብ የሚጠብቅ ገበሬ ደግሞ በዚህ ቆላ የለም፤ ያኔማ ሰብሉ ታንቆ አልቋል።

«እውነትሽን ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ያንቺውስ ምን ይላል?»

«ቅጠሉ ከአገዳው የሚጋጠምበትን ተመልከቱ ይላል። ማሽላው እዚያ ላይ ስስ ገለፈት አለው፤ ይሄ አረም የለውም። ይህን ያወቀ ተማሪ የሰው ሰብል አያጠፋም። ለአረም ሥራ ከደጋ ለሚመጣው የጉልበት ሠራተኛም ማሳው ላይ ሆኖ ያሳየዋል፤ ገበሬውም ልጆቹን ራሱ ይጠራቸዋል። የእርስዎ መጽሐፍ ስለ ሣሮች ዝምድና የሚያስረዳውን ያህል የእኔው አያስረዳም፤ ስለዚህ ከቤተ መጻሕፍቱ አይውጣ።»

«በይ እንግዲህ፣ የማዝዘው ያንቺውን ነው። ሰው ያለውን ይበል!»

ዓለምፀሐይ ደስታዋ ፊቷ ላይ ታየ። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልለምንዎ። ወይዘሮ ሙባረካ እርስዎን ያከብራሉ፤ ልጆቹን ይዘን ስንሄድ አብረውን ይመጣሉ?»

ረዳቱ «ጎንደር! ጎንደር! የሞላ!» እያለ ይጮሃል። ጋሽ ስንሻው ግን ረዳቱንም እሷንም አልሰሙም። ሁለቱን ቡቃያዎች በወፍራሙ መጽሐፍ ላይ ዘርግተው፣ መነጽራቸውን አስጠግተው፣ ያን ስስ ገለፈት ይፈልጉ ነበር።