የማርቆስ ደንበኛ

(ወረታ፣ ኅዳር በገባ በአራተኛው ቀን፣ የገበያ ቀን ረፋድ፤ ባንቺአምላክ ከነርስነት ጡረታ በወጡት በሲስተር ፀዳለ መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ላይ ባዶ የኪኒን ማሸጊያዎች ዘርግፋለች።)

ባንቺአምላክ፦ ቁጠሪው። አሥር ነው። አሥሩም ባዶ ነው። አሁን መድኃኒትሽ የተበላሸ መሆኑን በወረቀት ጻፊልኝና ማኅተምሽን አሳርፊበት።

ሲስተር ፀዳለ፦ እንደምን አደሩ የሚባል ነገር ቀረ? ባለፈው በማርቆስ ዕለት ስትቀሪብኝ ታመመች ብዬ ነበር። ቀንሽም ምላስሽም ተለውጦ መጣሽ። አንቺ የምትይኝስ ከመቼ ወዲህ ነው?

ባንቺአምላክ፦ ከትናንት ወዲህ። ጤና ጣቢያ ሽንቴን መርምረው ሁለት ወር አልፎሻል አሉኝ።

ሲስተር ፀዳለ፦ ማርያም በሽልም ታውጣሽ።

ባንቺአምላክ፦ ምርቃቱን ለሌላ አድርጊው። ልጄን ስወልድ ቤቱን ደም እንዳጠበው ጠፋሽ? በቃሬዛ ተሸክመውኝ ያለፉት በዚህ ደጅ ነው። ሐኪሙ ሦስት ዓመት ሳይሞላ ሌላ እንዳታስቢ አለኝ። ልጅቷ ገና ሁለት ዓመቷ ነው።

ሲስተር ፀዳለ፦ አልጠፋኝም። ኪኒኑን የሰጠሁሽ ለዚሁ ነው።

ባንቺአምላክ፦ ኪኒን ነው ወይስ ጠመኔ?

ሲስተር ፀዳለ፦ አፍሽን ሰብሰብ አድርጊ፣ ሰው ይሰማል።

ባንቺአምላክ፦ ይስማ። ገበያው ሙሉ ነው። በርሽ ላይ ቆሜ ጠመኔ ትሸጣለች ብል፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወረዳው ሁሉ ያውቀዋል።

ሲስተር ፀዳለ፦ በይ፣ ጩኺ። ከዚያ ከጤና ጽሕፈት ቤት መጥተው ሳጥኑን ይከፍቱና ቀኑን ያያሉ። ይኸው አንብቢው፣ ማብቂያው ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል። ከዚሁ ካርቶን የሚወስዱ ሃያ ሴቶች አሉ፣ አንዷም አላረገዘችም። የአንቺ ነገር የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው።

ባንቺአምላክ፦ አንድ ቀን አልረሳሁም።

ሲስተር ፀዳለ፦ ሁሉም እንዲያ ነው የሚሉት። ሠላሳ ዓመት ሰምቼዋለሁ። አንዷ ጎረቤት አየብኝ ብላ ትደብቅና የደበቀችበት ይጠፋታል። አንዷ ባሏ መንገድ ሲሄድ ታቆመዋለች። አንዷማ ሁለታችንም እንጠንቀቅ ብላ ለባሏ አካፍላዋለች።

ባንቺአምላክ፦ እኔ ማታ ማታ ራት ተነሥቶ እጄን ስታጠብ ነበር የምውጠው። መጀመሪያ ሰሞን ምንይችል «ዋጥሽ?» ይለኝ ነበር። ኋላ አምኖኝ መጠየቁን ተወው። አሁን ያመነኝን ቀን ነው የሚረግመው።

ሲስተር ፀዳለ፦ ባልሽ ነው እንግዲህ የላከሽ።

ባንቺአምላክ፦ ምን ሊልከኝ፣ መቼ ያናግረኛል። ትናንት ጋቢውን ይዞ እናቱ ቤት ሄደ። ወንድ ልጅ አምሮሽ መድኃኒቱን ደብቀሽ ጣልሽው ነው የሚለኝ። «በነፍስሽም በደሜም ተጫወትሽ» አለኝ። ያን ጊዜ ደሙን የሰጠኝ እሱ ነው። ጤና ጣቢያው ደግሞ ክትትልሽ ሆስፒታል ነው፣ ባልሽን ይዘሽ ሂጂ፣ ደም የሚሰጥ ሰው አዘጋጂ ብሎኛል። ማንን ይዤ ልሂድ? አንቺን?

ሲስተር ፀዳለ፦ አዝናለሁ። የውሸት ወረቀት ግን አልጽፍም።

ባንቺአምላክ፦ ለአንቺ ወረቀት ነው። ለእኔ ትዳርም ነፍስም ነው።

ሲስተር ፀዳለ፦ ደህናውን መድኃኒት ተበላሽቷል ብዬ ብጽፍ ሃያዎቹ ሴቶች ዛሬውኑ ይጥሉታል። የእነሱንስ ማን ይሸከማል? ደግሞ እኔ ምን አጎደልኩብሽ? የደም ግፊትሽን ለካሁ። እግርሽ አብጦ ያውቃል ወይ፣ ግማሽ ራስሽን ነጥሎ ያምሻል ወይ፣ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ትወስጃለሽ ወይ ብዬ አንድ በአንድ ጠየቅሁሽ። አንዱን ቀን ከረሳሽ እንዳስታወስሽ ዋጪው፣ በአንድ ቀን ሁለት ቢሆንብሽም ዋጪው አልኩሽ። ብዬሻለሁ ወይስ አላልኩሽም?

ባንቺአምላክ፦ ብለሽኛል።

ሲስተር ፀዳለ፦ ቶሎ ካስታወከሽ ሌላ ድገሚ፣ ደረትሽን ከወጋሽ ወይ አንድ እግርሽ አብጦ ካመመሽ ሳትውዪ ሳታድሪ ሐኪም ቤት ሂጂ ብዬሻለሁ።

ባንቺአምላክ፦ ብለሽኛል። እንደ ውዳሴ ማርያም ነው የያዝኩት።

ሲስተር ፀዳለ፦ እንግዲያው ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል ማለት አንቺ ነሽ።

ባንቺአምላክ፦ ከመጠምጠም መማር ይቅደም አሉ። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ያውቃል ብዬ መምጣቴ ነው ጥፋቴ።

ሲስተር ፀዳለ፦ እኔን ነው? እናትሽ አዝላሽ መጥታ ክትባት የወጋሁሽን እኔን?

ባንቺአምላክ፦ አዎ፣ አንቺን። ያኔም አሞኝ ነበር ይባላል።

ሲስተር ፀዳለ፦ ደግ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ጉድሽን አሁን አወጣዋለሁ። ይኼኛውን መቼ ጀመርሽው?

ባንቺአምላክ፦ በልደታ።

ሲስተር ፀዳለ፦ የየትኛው ወር ልደታ?

ባንቺአምላክ፦ የሁሉም። መጀመሪያ የሰጠሽኝ ጥር አንድ ቀን ነው፣ አበባዬ በመጣ በዕለቱ። «አንዱ የአንድ ወር ነው» አልሽኝ። ከዚያ ወዲህ ወር በገባ በአንድ፣ ልደታን ብዬ እጀምራለሁ። በሃያ ስምንት፣ በአማኑኤል ያልቃል።

ሲስተር ፀዳለ፦ በአማኑኤል ያልቃል።

ባንቺአምላክ፦ ፍሬው ሃያ ስምንት አይደል?

ሲስተር ፀዳለ፦ ነው። ከዚያ በኋላስ? ሃያ ዘጠኝና ሠላሳ ቀን ምን ታደርጊያለሽ?

ባንቺአምላክ፦ አርፋለሁ። በሠላሳ፣ ማርቆስ ዕለት እመጣና አዲሱን እወስዳለሁ። በማግስቱ ልደታ ነው።

ሲስተር ፀዳለ፦ ማነው እረፊ ያለሽ?

ባንቺአምላክ፦ ማነው አትረፊ ያለኝ? ወሩ ሠላሳ ነው፣ ፍሬው ሃያ ስምንት ነው። ሁለቱ ቀን ለሰውነት ዕረፍት የተተወ ነው ብዬ ነዋ። በሬም ተፈትቶ ያርፋል።

ሲስተር ፀዳለ፦ አንቺ ሴት። መጨረሻ ላይ ያሉት ሰባቱ ቡናማ ፍሬዎች ምን እንደሆኑ ታውቂያለሽ?

ባንቺአምላክ፦ ብረት ነው ብለሽኛል፣ ለደም።

ሲስተር ፀዳለ፦ ብረት ነው። እርግዝና የሚከለክለው ነጩ ነው። ቡናማውን የምትውጪበት ሰባት ቀን ራሱ ዕረፍትሽ ነበር፣ ከዚያ በላይ አይጨመርበትም። አንቺ በየወሩ ዘጠኝ ስታደርጊው ከርመሻል። ሰባቱን ወር ያለፍሽው በእግዜር ቸርነት ነው። ጳጉሜንስ? ጳጉሜን ምን አደረግሽ?

ባንቺአምላክ፦ ጳጉሜ ወር ነው እንዴ? ደመወዝ የለበት፣ ኪራይ የለበት። ሩፋኤልን ጸበል ተጠመቅሁ፣ መስከረም ልደታን አዲሱን ጀመርኩ።

ሲስተር ፀዳለ፦ ሰባት ቡናማ፣ ሁለት ዕረፍት፣ አምስት ጳጉሜ። አሥራ አራት ቀን። አሥራ አራት ቀን በርሽን ከፍተሽ ነው ያደርሽው።

ባንቺአምላክ፦ መስከረም አንድ ጀመርኩ እያልኩሽ።

ሲስተር ፀዳለ፦ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ይኼ መድኃኒት ልደታንም ጳጉሜንም አያውቅም። የሚያውቀው አራት ሳምንት ነው። አንዱ ዛሬ ካለቀ ሌላው ነገ ይጀመራል፣ ቀኑ ማንም ይሁን ማን። በቃ፣ ጥፋቱ ተገኘ። ለባልሽም ይኼንኑ ንገሪው፣ ማኅተም አያስፈልገውም።

ባንቺአምላክ፦ እኔ ብነግረው ያምነኛል? ደግሞስ ይኼን አሁን የነገርሽኝን ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?

ሲስተር ፀዳለ፦ ሲያልቅ ሌላውን ጀምሪ ሳልልሽ አልቀረሁም።

ባንቺአምላክ፦ አላልሽኝም። ሌላውን ሁሉ ብለሽኛል፣ ይኼን አላልሽኝም። የአንድ ወር ነው አልሽኝ፣ እኔ የማውቀው ወር ሠላሳ ነው። አንቺ የየት አገር ወር ነው የምትቆጥሪው?

ሲስተር ፀዳለ፦ ይኼ እኮ ማንም የሚያውቀው ነገር ነው።

ባንቺአምላክ፦ ማንም። እሺ፣ እኔ ደንቆሮ ልሁን። አንቺ ግን ሃያ ስምንት ፍሬ ትሰጪኛለሽ፣ እኔ በሠላሳ እመጣለሁ። በሚቀጥለውም ወር በሠላሳ። በሚቀጥለውም። «የማርቆስ ደንበኛዬ መጣች» እያልሽ ትስቂያለሽ። ጳጉሜ አምስት፣ በዓል ዋዜማ ስመጣ «ዛሬስ ማርቆስን ሸወድሽው» ብለሽ፣ እንኳን አደረሰሽ ብለሽ፣ ኪኒኑን አስይዘሽ ሸኘሽኝ። እኔ መቁጠር አልቻልኩም። አንቺስ?

ሲስተር ፀዳለ፦ ያን ቀን ቤቱ ሰው ሞልቶ ነበር።

ባንቺአምላክ፦ ስምንቱንም ማርቆስ ሞልቶ ነበር?

ሲስተር ፀዳለ፦ አልነበረም።

ባንቺአምላክ፦ እህ።

ሲስተር ፀዳለ፦ አንዳንዱን ቀን እንዲያውም ብቻዬን ነበርኩ። አንቺ ስትመጪ ቀኑን አውቅብሻለሁ፣ ዛሬ ሠላሳ ነው እላለሁ። ሁለቱን ቀን የት ጣለችው ብዬ ግን አንድ ጊዜ አላሰብኩም። ቁጭ በይ እስቲ።

ባንቺአምላክ፦ አልቀመጥም። ፅንሱስ? መስከረምንና ጥቅምትን በላዩ ላይ ስውጥ ነው የከረምኩት።

ሲስተር ፀዳለ፦ ሳያውቁ የወሰዱት ፅንሱን አይጎዳውም። ከእንግዲህ አትውሰጂ እንጂ ለእሱ አትፍሪ። እኔ የምፈራው ለአንቺ ነው። የሆስፒታሉ ነገር ሳምንት አይሰጥም።

ባንቺአምላክ፦ ብቻዬን ሄጄ ማን ደም ይሰጠኛል? ወረቀቱን ጻፊልኝ።

ሲስተር ፀዳለ፦ አልጽፍም። መድኃኒቱ አልተበላሸም።

ባንቺአምላክ፦ እንግዲያው በርሽ ላይ ነኝ።

ሲስተር ፀዳለ፦ ቆይ። ምንይችል አሁን የት ነው?

ባንቺአምላክ፦ ሩዝ መፈልፈያው ጋ። ምን ሊያደርግልሽ?

ሲስተር ፀዳለ፦ ባዶዎቹን ሰብስቢ፣ አንድም እንዳይቀር። ፊቱ ቆሜ እኔ እቆጥርለታለሁ። ሚስትህ አንድ ፍሬ አልጣለችም፣ በትክክል ሳላስረዳት በየወሩ እያየሁ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ እለዋለሁ። ወረቀት ቢሆን ቀዶ ይጥለዋል። ከዚያ መልስ ደግሞ ሃያዎቹ ሴቶች ቤት እዞራለሁ። መቼ መቼ ነው የምትጀምሩት ብዬ ጠይቄያቸው አላውቅም።

ባንቺአምላክ፦ ያን ሁሉ ሰው ፊት? በገበያ ቀን?

ሲስተር ፀዳለ፦ አንቺስ ልታዋርጂኝ የመረጥሽው ይኼንኑ ቀን አይደል?

ባንቺአምላክ፦ ይቅር ያልኩዎት እንዳይመስልዎት፣ ሲስተር።

ሲስተር ፀዳለ፦ ገና መች ጠየቅሁሽ። ነጠላዬን አቀብይኝና በሩን ቆልፊው፣ መንገድ ላይ እጠይቅሻለሁ።